መጀመሪያ በእግር፣ ከዚያ በስኪ

ኦስሎ በመጣሁ በመጀመሪያው ጥር፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) አውሶኝ ከከተማው በላይ ወዳለው ጫካማ ኮረብታ፣ ወደ ፍሮግነርሴተረን ወጣሁ። የለበስኩት ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ነበር። ዳገቱ ላይ ላብ በላብ ሆንኩ። ቁልቁለቱ ሲመጣ ማቆም አቃተኝ፣ ኩርባውን ሳላየው ከመንገዱ ወጥቼ ጥድ ሥር ተዘረርኩ። ጥጡ ላቤን ይዞት ስለነበር ወዲያው ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። በዚያ ዓመት ስኪ የሚባል ነገር ድጋሚ አልነካሁም።

የተመለስኩት ሰኔ ላይ ነው፣ በእግሬ። 1 ቁጥሩ ሜትሮ ከመሀል ከተማ ተነስቶ እየተጠማዘዘ እስከ 469 ሜትር ከፍታ ያወጣችኋል። እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ይህ ኮረብታ ነው፣ እኔ ግን ተራራዬ ብየዋለሁ። ዛፎቹ ላይ የተቀቡትን ምልክቶች ያስተዋልኳቸው ያኔ ነው፦ ሰማያዊው የሰመር (የሞቃቱ ወቅት) የእግር መንገድ ነው፣ ቀዩ የስኪ። ሰመሩን ሙሉ ሆን ብዬ ቀዩን ተከተልኩ። አንዳንዱ ቦታ ረግረግ ስለሆነ ጫማ ያበሰብሳል፣ ግን የወደቅኩበትን ኩርባ አገኘሁት። ከሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ጅረት ላይ የተጋደመች የእንጨት ድልድይ አለች። ነሐሴ ላይ ብሉቤሪ ለመልቀም ስንወጣ ለልጄም አሳየኋት።

በረዶው ሲመጣ ለልጄ ሙሉ ዕቃውን ከቡአ፣ የስፖርት ዕቃ በነፃ ከሚያውሰው ድርጅት፣ ተዋስን። ለራሴ ያገለገለ ስኪ ገዛሁ። ብር ካላችሁ ግን መጀመሪያ ሱፍ የውስጥ ልብስ ግዙ፣ ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። ሌላው ነገር፣ በረዶው ላይ ለስኪ በማሽን የተሰመሩትን ሁለት መስመሮች በእግር አትርገጡ፣ ሰው በጣም ይከፋዋል፣ እውነትም አለው። ቁልቁለት ሲመጣ ከመስመሩ ውጡ፣ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ የስኪውን ጫፍ ወደ ውስጥ፣ ተረከዙን ወደ ውጭ ግፉ። ይህን ሜዳ ላይ ሁለት ቅዳሜ ተለማመድን።

ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በዚሁ የስኪ ዓይነት፣ በአገር አቋራጭ ስኪ፣ በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ መወዳደሩን ስነግራት፣ ልጄ መንገዱን ሙሉ ስለሱ ስትጠይቀኝ ሄደች። ድልድይዋ ጋ ስንደርስ ግን ዝም አለች። በረዶ ሸፍኗት ጉብታ ብቻ ነበር የሚታየው። «እዚህ ነው አይደል አባዬ?» ብላ ጫፎቹን ገጠመች፣ ቀስ እያለች ኩርባውን ዞረች፣ እኔም ተከተልኳት።