ቆርኪ፣ ሐዲድና የቲቸር ኪስ

12ኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ ሚድ ከ30 9 አመጣሁ። ያውም አጥንቼ። ማለቴ፣ ያጠናሁ መስሎኝ። ማታ ማታ ደብተሬ ላይ የተሠሩ ጥያቄዎችን አነባለሁ፣ መስመሩ ሁሉ ይገባኛል፣ «አሃ» ብዬ ገጹን እገልጣለሁ። ፈተና ላይ ግን ደብተር የለም።

የምናጠናው ሦስት ሆነን ነበር። ሁላችንም የድሬዳዋ ልጆች፤ በሰፈር እኔ የከዚራ፣ አንዱ የሳቢያን፣ አንዷ የመጋላ። ድሬ ላይ ፀሐይዋ ከከረረች በኋላ ስለ ሊሚት የሚያስብ ጭንቅላት የለም፤ ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እኛ ቤት በረንዳ ላይ እንገናኛለን። አንድ ቀን የመጋላዋ ልጅ የብስኩት ካርቶን በመቀስ ቆራርጣ መጣች። በአንዱ ፊት የሒሳብ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ። እንቅልፍ እንዳይጥለን ደግሞ መሀል መሀሉ ላይ ስለ ትምህርት ቤታችንና ስለ መምህራኑ ጥያቄ ሰካችበት። የፊዚክስ ቲቸር ቅጽል ስም ማነው? ከጎጃም የመጣው አዲሱ መምህር በመጀመሪያው ቀን ለምን ተቆጣ? (ተማሪው ሁሉ «አንተ» ስላለው ነዋ። ድሬ ከአንቱታ ጋር ብዙም አትተዋወቅም። እሱም ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ «አቦ» ማለት ጀምሯል።)

የመምህራኑን ጥያቄ ሳናስብ ነው የምንመልሰው። የሒሳቡ ሲወጣ እንፋጠጣለን። ስለዚያ መምህር ቁጣ ቁጭ ብሎ ያጠና የለም፤ ግን ታሪክ ስላለው ማን ይረሳዋል?

«እንግዲያው ሒሳቡም ታሪክ ይኑረው» አለ የሳቢያኑ። በማግስቱ ከአጎቱ ሱቅ አንድ ፌስታል ቆርኪ ይዞ መጣ። አንድ ቆርኪ መሬት ላይ አስቀመጠ። በጎኑና በግርጌው 3 ጨመረ፤ 2 በ2 ካሬ ሆነ። 5 ጨመረ፤ 3 በ3። 7 ጨመረ፤ 4 በ4። የመጀመሪያዎቹ 10 ጎዶሎ ቁጥሮች ድምር ታዲያ 10 በ10፣ 100 ነው ማለት ነው። በፎርሙላው አረጋገጥነው፦ የመጀመሪያውና የመጨረሻው፣ 1 ሲደመር 19፣ 20፤ በ10 ግማሽ፣ በ5 ሲባዛ 100። ሚድ ላይ ፎርሙላው የጠፋብኝ እዚሁ ላይ ነበር። እናቴ ቆርኪውን ጠርጋ እስክትጥለው ድረስ ስንደረድር ዋልን።

ሌላዋ ካርድ «ደወላችን ከምን ተሠራ?» ትላለች። ከሐዲድ ቁራጭ። ከተማዋ ራሷ በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ሐዲድ እዚህ ብርቅ አይደለም። የመጋላዋ ልጅ ከዚያው ቀጠለች፦ የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር፤ አዲሱ በስንት ፐርሰንት ይሰፋል? 43.5፣ ቀላል ነው። የድሮውስ ከአዲሱ በስንት ፐርሰንት ያንሳል? እኔ በልበ ሙሉነት «ያው 43.5!» አልኩ። ተሳቀብኝ። አሁን ልዩነቱ፣ 0.435፣ የሚካፈለው ለ1.435 ነው፤ መልሱ 30 ግድም። ይህቺን ስህተት እስከ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ቅናሽ ባየሁ ቁጥር አስታውሳታለሁ።

ጨዋታው ግን በላን። አንድ ጠዋት ሙሉውን የመምህራን ቅጽል ስም ስንቆጥር አለቀ፤ አንድም ኢንተግራል ሳንሠራ ፀሐይ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣን፦ አራት ሒሳብ ካልተመለሰ የመምህር ካርድ አትገለበጥም። ካርዶቹንም እንደ ካርታ እንበውዛቸው ጀመር። ምዕራፍ በምዕራፍ ስናጠና «ይሄ ዴሪቬቲቭ ነው» ብሎ የሚነግረን ምዕራፉ ነበር። ሲበወዝ ግን ራሳችን መለየት አለብን። መጀመሪያ አካባቢ ያናድዳል፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

አንድ ቀጭን ደብተርም ለስህተቶቼ ብቻ ያዝኩ። ከወር በኋላ ሳገላብጠው ግማሽ ያህሉ የመቀነስ ምልክት መዝለል ነው። ሒሳብ አልገባህም ሲሉኝ የኖሩት፣ ለካ የቸኮልኩት እኔው ነኝ።

ማትሪኩን የተፈተንነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን ነው። ስለ ድምር አንዷ ጥያቄ መጣች፤ ፎርሙላው ትዝ አላለኝም፣ የበረንዳችን ቆርኪ ግን መጣልኝ። ከእሱ ተነስቼ ፎርሙላውን መልሼ ሠራሁት።

ሦስታችንም መልሷን ያላወቅናት አንዲት ካርድ ነበረች፦ የሒሳብ ቲቸር ሲያስተምር ግራ እጁን ከኪሱ ለምን አያወጣም? ውጤት የመጣ ሰሞን አግኝተነው ጠየቅነው። የሳቢያኑ «እጁን አሞት ነው» ብሎ ተወራርዷል።

ቲቸር ሳቀ። ኪሱን ወደ ውጭ ገለበጠልን። ጨርቁ ነጭ በነጭ ሆኗል፣ ሦስት ስባሪ ጠመኔም መሬት ላይ ወደቀ።

«ቢሮ ያለው ሲያልቅ ነዋ» አለ። «አቦ፣ ስንት ኢንተግራል እያለ ይሄን ነው ስታጠኑ የከረማችሁት?»