ሐይቅ ከማቋረጥ በፊት፦ የሞተር ጀልባ ዝግጅት በሐዋሳ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው አሞራ ገደል ተነስቶ ማዶ ለመሻገር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ነዳጁን ይይ፦ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለመጠባበቂያ። ሞተሩ ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚገባበት) ሆኖ አምራቹ 50 ለ 1፣ ማለትም 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ካለ፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ዘይቱ ሲያንስ ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል፤ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። በዓይን ግምት መቀላቀል ሞተር መግደል ነው።

ሞተሩ እንደተነሳ ከጎኑ የሚተፋውን ቀጭን ውሃ ተመልከቱ። ውሃው ከቆመ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ፦ ወይ የውሃ መሳቢያው በሣር ተደፍኗል፣ ወይ የፓምፑ ጎማ አልቋል። የዳር ሣር ፕሮፔለር (ጀልባውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) ላይም ይጠመጠማል። ስለዚህ ቢላዋ፣ ፒንሳ፣ ትርፍ ካንዴላና ትርፍ የፕሮፔለር ፒን ሳይያዝ አይወጣም።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ የተጻፈለትን ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ሰው ስትጭኑ አስቡበት።

የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ወንበር ሥር ከታሰረ የለም ማለት ነው፤ ገና ከዳር ሳትነሱ ይለበስ። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ነጂው ላይ ይታሰር። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚበረታ ጉዞው ማለዳ ቢሆን ይሻላል። ጀልባው ውስጥ የገባ ውሃ መቅጃ ጣሳም አትርሱ፣ በገመድ ታስሮ።