የቢራቢሮዎቹ ከተማ

ዛሬ ልጄን ይዤ ከሳን ሆዜ ወደ ፓስፊክ ግሮቭ ወረድኩ። በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የትምህርት ቤት ልጆች የቢራቢሮ ክንፍ ለብሰው በአደባባይ የሚሰለፉበት ልማድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። የአንዷ ሕፃን ክንፍ ተገንጥሎ መሬት ለመሬት ሲጎተት፣ ከኋላዋ ያለው ልጅ እንደ ሙሽራ ቬሎ አንሥቶ ያዘላት። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ከሰልፉ በኋላ እውነተኞቹን ለማየት ወደ ጫካው ገባን (ባሕር ዛፍ እዚህም አልለቀቀንም!)። ብርዱን እዚህ ለማሳለፍ ገና መምጣት የጀመሩት ሞናርክ የሚባሉ ጥቂት ቢራቢሮዎች ከቅርንጫፉ ተንጠልጥለዋል። ከ13 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ መብረር አይችሉም። ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው፦ አንዳቸውም ይህን ቦታ ዐይተውት አያውቁም። በጸደይ ከዚህ የሄዱት ቅድመ አያቶቻቸው ናቸው። ማን መንገድ አሳያቸው?

በ2020 በመላው ምዕራብ አሜሪካ ሲቆጠሩ 2,000 እንኳ አልሞሉም ነበር፤ በዓመቱ ከ240,000 በላይ ሆኑ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሚልክዊድ በሚባለው፣ ሲሰበር ነጭ ወተት በሚያወጣው የጦቢያው ዘመድ ላይ ብቻ ነው። ልጄ ይህን እንደ ሰማች «እማዬ፣ እኛም ጓሮ እንትከል» አለች። አከራያችንን ማሳመን የእኔ ዕዳ ሆነ።