ኑግ የሚያጋልጠው ፈንገስ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ጀርመናዊው ተመራማሪ ፍሪድሪክ ሽታይብ ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ የተባለው ፈንገስ ኑግ በተጨመረበት አጋር (በቤተ ሙከራ ረቂቅ ሕዋሳት የሚያድጉበት ጄሊ መሰል ምግብ) ላይ ሲያድግ ቡናማ እንደሚሆን አሳወቀ። እንደ ካንዲዳ አልቢካንስ ያሉት ሌሎች እርሾ መሰል ፈንገሶች ግን በዚያው ሳህን ላይ ነጭ እንደሆኑ ይቀራሉ። ከኑግ ጋር የተገኘች ሰሊጥ አብራ ትወቀጣለች ይባላል፤ እዚህ ግን ኑጋችን የሚሠራው የመለየት ሥራ ነው።

ቀለሙ የሚመጣው ላኬዝ ከተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ ይህ ኢንዛይም በኑጉ ውስጥ ያለውን ካፌይክ አሲድ ሜላኒን ወደተባለ ጥቁር ቡናማ ቀለም ይለውጠዋል። ፈንገሱ ሜላኒኑን በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ስለሚያከማች፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ሊገድሉት የሚረጯቸው ኦክሲዳንት ኬሚካሎች ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ አምፎቴሪሲን የተባለውን መድኃኒትም በተወሰነ ደረጃ ይቋቋማል። ላኬዝ የሌላቸው ዝርያዎች በአይጦች ላይ ሲሞከሩ በሽታ የማስከተል አቅማቸው ደካማ ሆኖ ተገኝቷል።

ፈንገሱ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ገብቶ፣ በተለይ ኤችአይቪ የበሽታ መከላከል አቅማቸውን ባዳከመባቸው ሰዎች ላይ፣ ወደ አንጎል ይዘልቅና የማጅራት ገትር ያስከትላል። አንጎል ላኬዝ ወደ ሜላኒን ሊለውጠው የሚችለው ዶፓሚን (የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል) የሚገኝበት አካል በመሆኑ፣ ፈንገሱ አንጎልን የሚመርጠው ለዚህ ነው የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ፈንገሱ መጀመሪያ አንጎል ውስጥ መግባት አለበት።

በዚህ ረገድ ዩሪያን ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰባብረው ዩሪዬዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ይረዳዋል። ዩሪዬዝ የሌለው ፈንገስ በደም ሥር ሲሰጥ ወደ አይጥ አንጎል የሚዘልቀው በአነስተኛ መጠን ነው፤ በቀጥታ አንጎል ውስጥ ሲወጋ ግን ኢንዛይሙ ካለው ዝርያ ባልተናነሰ ሁኔታ ያድጋል። ስለዚህ የዩሪዬዝ ጥቅም በመግቢያው ላይ እንጂ ከገቡ በኋላ አይደለም። ፎስፎሊፔዝ ቢ የተባለው ኢንዛይምም የሕዋስ ሽፋን ቅባቶችን በመሰባበር የራሱን ድርሻ ይወጣል።

ፈንገሱ እነዚህን ኢንዛይሞች ለሰው ብሎ ያዘጋጃቸው አይመስልም። መኖሪያው አፈር፣ የዛፍ ግንድና የርግብ ኩስ ነው፤ እዚያም ሜላኒን ከፀሐይ ጨረርና ሊውጡት ከሚመጡ አሜባዎች ይከላከልለታል።

ዛሬ በሆስፒታል በሽታው በዋነኛነት የሚለየው በደም ወይም በአከርካሪ ፈሳሽ ላይ በሚደረግ ፈጣን የአንቲጅን ምርመራ፣ ማለትም የፈንገሱን ቁስ በቀጥታ በሚፈልግ ምርመራ ነው። የኑግ አጋር ግን ልዩ ልዩ ፈንገሶች ተቀላቅለው በሚገኙበት የርግብ ኩስ ናሙና ውስጥ ይህን ፈንገስ ለመለየት አሁንም ያገለግላል።