የእናቴ ጣሪያና የጳጉሜን ደብተር

በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የመሥሪያ ቤታችን የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚቆጠር በመሆኑ በየሦስት ወሩ የዕቅድ ክንውን ሪፖርት እናዘጋጃለን፤ ታኅሣሥ ሲያልቅ ደግሞ የግማሽ ዓመቱን ሥራ ገምግመን፣ ካልተጀመረው ሥራ ላይ ገንዘብ አንሥተን ወደሚሠራው እናዛውራለን። ይህን ሁሉ ለመሥሪያ ቤቱ 11 ዓመት ስሠራ የራሴን ዓመት ግን አንድ ጊዜም ዘግቼው አላውቅም ነበር። በየእንቁጣጣሹ አዲስ ደብተር ገዝቼ ዕቅዴን በጥሩ ጽሕፈት አሰፍራለሁ፤ የደመራው አመድ ሳይበርድ ደብተሩን ያስቀመጥሁበትን ቦታ እንኳ እረሳለሁ።

2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት። በእነዚያ ቀናት የሦስት ዓመት ደብተሮቼን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኋቸው። በአንዱ 9፣ በሌላው 7፣ በሦስተኛው 8 ዕቅድ ጽፌአለሁ። በሦስቱም ውስጥ ሳይለወጥ የተደገመው አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «የእናቴን ቤት ጣሪያ ማስቀየር» የሚለው ነበር። እናቴ የምትኖረው ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ደብረ ብርሃን ነው፤ ቆርቆሮው ዝጎ ከመበሳሳቱ የተነሣ በክረምት ብቻ ሳይሆን በበልግ ዝናብም ጊዜ ከአልጋዋ አጠገብ ባልዲ ታስቀምጣለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን እያወቅሁ መጻፌ ብቻ እንደ ሥራ ተቆጥሮልኝ መኖሩን ሳይ አዘንሁ፤ ያን ዓመት ከሌሎቹ የለየውም ይህ ኀዘን ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ዕቅዶቹን እንደ ባለሙያ መረመርኋቸው። የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለ12 እኩል ከፍዬ በየወሩ ይቀመጣል ብዬ ነበር። ነገር ግን የእኛ ዓመት እኩል አይደለም። መስከረም የበዓልና የትምህርት ቤት ወጪ የሚደራረብበት ወር ነው፤ ጥርና የካቲት ዐቢይ ጾም ሳይገባ የሚደገስ ሰርግ የሚበዛባቸው ናቸው፤ ሰኔ ደግሞ ለእኔ ሂሳብ መዝጊያ ስለሆነ ከቢሮ የምወጣው በምሽት ነው። በአንጻሩ በጾሙ 55 ቀናት የቤታችን የአስቤዛ ወጪ በግልጽ ይቀንሳል፤ ይህን ቅናሽ ግን አንድም ጊዜ በዕቅድ ይዤው አላውቅም። ስለዚህ ዓመቱን እንዳለ ተቀበልሁት። ከመስከረም ምንም አልጠበቅሁም፤ ትልቁን ቁጠባ 2016 ዓ.ም. ጾሙ በሚገባበት በመጋቢት መጀመሪያ ላይ አደረግሁ፤ ጣሪያው የሚያልቅበትን ቀን ደግሞ ግንቦት 30 ብዬ ቆረጥሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ዝናቡ ማንንም አይጠብቅም።

ሁለተኛው ጉድለት ከባድ ነበር፦ ባልፈጽመው የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። በባንክ ሂሳቤ ያስቀመጥሁትን ገንዘብ ማንም ሳያየኝ አወጣው ነበር። ስለዚህ 10 የሥራ ባልደረቦች በወር 4 ሺህ ብር የምንጥልበት እቁብ ውስጥ ገባሁ። ዳኛችን ጡረታቸው የተቃረበ ትልቅ ሰው ሲሆኑ፣ እቁቡን የሚያስጀምሩት ሁልጊዜ በጥቅምት ነው፤ «በመስከረም ማን ብር አለው?» ይላሉ። እኔ በሦስት ደብተር ያልደረስሁበትን እሳቸው ከልምድ ያውቁት ነበር። እቁብ የሚያስቆጥበው ገንዘብ ስለሚያበዛ አይደለም፤ የጣልኸው ያው የራስህ ነው። የሚያስቆጥበው ደመወዝ በወጣ ማግሥት ዘጠኝ ሰዎች ስለሚጠብቁህ፣ ከመካከላቸውም አንዱ በዚያ ቀን በሚያገኘው ገንዘብ ላይ ኑሮውን ስላሰበ ነው። በዚያ ዓመት አንድም ወር አላሳለፍሁም።

ዕጣው የወጣልኝ በጥር ነው፤ ዋስ አቅርቤ 40 ሺህ ብር ተቀበልሁ። በዚያው ሳምንት ሦስት የሰርግ ጥሪ ነበረኝ፣ አንዱም የቅርብ ዘመድ ነበር። ገንዘቡ ቤት ካደረ ሌላ ሥራ እንደሚገኝለት ከራሴ ታሪክ ስለማውቅ በመጀመሪያው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሄጄ ቆርቆሮውንና ሚስማሩን ገዝቼ እናቴ ቤት አስገባሁ። ለሰርጎቹ የሰጠሁት ከወትሮው አነስ ያለ ነበር፤ አፍሬ ነበር፣ ነገር ግን ለዘመዶቼ ምክንያቱን በግልጽ ስነግራቸው አንድም ቅር ያለው አልነበረም። ይልቁንም አንድ አጎቴ አሸንዳውን እኔ እችላለሁ አሉኝ። ዕቅድን ለሰው መናገር ያሳጣል ብዬ ስደብቅ መኖሬ ምን ያህል እንዳጎደለኝ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ወር፣ በመሥሪያ ቤት እንደምናደርገው፣ የራሴን ግማሽ ዓመት ገመገምሁ። በደብተሬ ከጣሪያው ሌላ ሁለት ዕቅድ ነበር፦ ሐኪም ለደም ግፊቴ ያዘዘልኝ የጠዋት እርምጃና የማታ የኮምፒውተር ትምህርት። ትምህርቱን በቀይ መስመር ሰረዝሁትና «ለ2017 የተዛወረ» ብዬ ጻፍሁበት። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ቀድሞ አንዱ ሲጎድል ሁሉም የፈረሰ እየመሰለኝ ደብተሩን እዘጋ ነበር፤ አሁን አውቄ ስላነሣሁት የቀሩት ሁለቱ አልተናጉም። እርምጃውን ብቻዬን ስሞክር በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ አልሞላሁም ነበር፤ ከየካቲት ጀምሮ ግን ጎረቤቴ በ12 ሰዓት በሬን ስለሚያንኳኳ አምስት ቀን ደረሰ።

አስቸጋሪው ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ነበር። በዓሉ ሚያዝያ 27 ዋለ፤ ለአናጢዎቹ ካስቀመጥሁት ላይ ለበግና ለዘይት ወስጄ ነበር። ቃል የገባልኝ አናጢም ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እመጣለሁ ብሎ ቀረ። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ደብተሬን የመክፈት ልማድ ባልይዝ ኖሮ ይህን ሁሉ የማስተውለው ሰኔ ላይ ይሆን ነበር። ዓርብ ግንቦት 9 ማታ የቀሩኝን 21 ቀናት ቆጥሬ፣ በማግሥቱ ወደ እናቴ ሄድሁና በሰፈሯ ሰዎች በኩል ሌላ አናጢ አገኘሁ፤ የጎደለውን የእጅ ዋጋ ከሁለት ባልደረቦቼ ተበድሬ ሞላሁ። አሮጌው ክዳን ሲነሣ ከማገሩ ግማሹ በስብሶ ስለተገኘ የእንጨት ወጪ ተጨመረ። ሥራው ያለቀው ሰኔ 4 ቀን ነው፤ ከቆረጥሁት ቀን አራት ቀን አልፎ ማለት ነው። ብድሩን ከፍዬ የጨረስሁትም በነሐሴ ነው።

ሐምሌ ላይ ሂሳብ ከዘጋን በኋላ ሁለት ሌሊት እናቴ ዘንድ አደርሁ። በመጀመሪያው ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ፤ በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ ድምፁ ከበፊቱ ይልቅ ይጮኻል። ከእንቅልፌ ነቅቼ ሳዳምጥ እናቴም ነቅታ ኖሮ በጨለማው ውስጥ «ልጄ፣ ባልዲውን አስቀምጫለሁ፣ ተኛ» አለችኝ። ከልማድ የተነሣ ከአልጋዋ አጠገብ አኑራው ነበር። ጠዋት ስመለከተው ታቹ ደረቅ ነበር፤ እናቴም አንሥታ ወደ ጓዳ ወሰደችውና እህል ሰፈረችበት።