«ሁሉ ነገር በማሽን በሆነበት አገር ምን ያጣድፍሻል?»

ከስምንት ዓመት በኋላ ከአሜሪካ ሐዋሳ ገብቼ፣ ከልጅነት ጓደኞቼ ጋር አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ተቀምጠን ሳለ፣ አንዷ በሆዷ ይዛው የኖረችውን ጥያቄ አወጣችው፦ «አንቺ፣ ልብሱን ማሽን ያጥበዋል፣ ሳህኑን ማሽን ያጥበዋል፣ መኪና አለሽ፤ ስንደውልልሽ ሁልጊዜ ‹ጊዜ የለኝም› የምትይን ምን ስለምትሠሪ ነው?» ቅያሜዋ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር። በዕለቱ አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም፤ ይህን የምጽፈው ለእርሷም፣ ሻንጣ ለሚያዘጋጁትም ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አበሻ የበዛበት ስለሆነ እንጀራም ቡናም አይቸግርም። እንደሄድኩ ሰሞን ጉዳዬን ሁሉ በጭንቅላቴ ይዤ ነበር የምዞረው፦ የቤት ኪራይ፣ የልጄ ክትባት፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ለእናቴ የሚላክ ገንዘብ። ሐዋሳ ሳለሁ እንዲህ ያለውን ነገር ወረቀት ላይ ያሰፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ የሚያስታውሰኝ ሰው አጥቼ አላውቅምና።

ልጄ የሚውልበት የሕፃናት ማቆያ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ይዘጋል። አንድ ኅዳር ሐሙስ ቀን ከሥራ በ11 ሰዓት ወጣሁና፣ መንገዱ 25 ደቂቃ ነው ብዬ አስቤ፣ «ጊዜ አለኝ» በማለት መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ፤ ገንዘብም ላክሁ። የ495 ቀለበት መንገድ ተዘጋግቶ ስለነበር ስደርስ 12 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሆኗል። ከአንዷ በቀር የክፍሉ መብራቶች ጠፍተዋል። የአራት ዓመቱ ልጄ ካፖርቱ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ ቦርሳውን በጀርባው እንዳዘለ፣ ትንሿ ወንበር ላይ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል። መምህርቷ የመኪና ቁልፏን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። አልተቆጣችም፤ የደረስኩበት ሰዓትና ያሳለፍኩት ደቂቃ የተጻፈበትን ወረቀት ብቻ ሰጠችኝ። ቅጣቱ ለአንዱ ደቂቃ 1 ዶላር ነው። ገንዘቡ አላቃጠለኝም። ስፈርም ልጄ ቀሚሴን ይዞ «እማዬ፣ ረስተሽኝ ነው?» ማለቱ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሐዋሳ እኛ ሰፈር ልጅ የሚያመጣው ሰው አጥቶ ትምህርት ቤት ቀርቶ አያውቅም፤ የጎረቤት ልጅ ወይም የምናውቀው ባለ ባጃጅ ይዞት ይመጣል፤ እናት ከለቅሶ ቤት ብትዘገይ ልጇን ጎረቤት በልቶ ተኝቶ ታገኘዋለች። ያ ሁሉ ሰው ሲረዳዳ ይሠራው የነበረውን እዚያ አንድ ሰው ብቻውን ይሸከመዋል። ጓደኛዬ፣ ማሽኑ ልብስ ያጥባል እንጂ ልጅ አያመጣም።

በዚያች ሌሊት ልጄን አስተኝቼ፣ በጭንቅላቴ ያለውን ሁሉ ደብተር ላይ ገለበጥኩት፤ 41 ጉዳይ ወጣኝ። ቀን የተቆረጠላቸውን ለየሁ፤ በይሉኝታ ብቻ እሺ ያልኳቸውን ሰረዝኩ፤ ይህ ከሁሉ የከበደኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሦስት ጉዳይ ብቻ መርጬ እጽፋለሁ። መንገዱንም ሁለት ሳምንት በሰዓት ለካሁት፤ 25 የምለው አንድም ቀን ከ40 ደቂቃ በታች አልሆነም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሰው ሥራ የሚፈጅበትን ጊዜ ሲገምት ያለፈውን ልምዱን ትቶ የያዘውን ዕቅድ ብቻ ስለሚያይ አሳንሶ እንደሚገምት አስረድተዋል፤ በእኔ የደረሰው ይኸው ነው።

የስልኩም ነገር እንዲሁ ነው። በመካከላችን በክረምታቸው ስምንት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ እናንተ ጠዋት ቡና ላይ ስትደውሉ እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ። ስለዚህ እሑድ ጠዋትን ለሐዋሳ ብቻ ሰጠሁት። በእርግጥ ከእናቱ ጋር ምሳ ለመብላት ከሁለት ሳምንት በፊት ቀጠሮ የሚይዝ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ይህን አልመኝላችሁም። ነገር ግን እኛም ለ3 ሰዓት ተቀጣጥረን አሞራ ገደል የተሟላነው 4 ተኩል ላይ ነው፤ ይህን ልማድ ይዞ የሚሄድ ሰው ዋጋ ይከፍልበታል።

ዲቪ የደረሳችሁ ወይም ፕሮሰስ የጀመራችሁ ሁሉ፣ ስለ ደመወዝ ብቻ አትጠይቁ። የእነርሱ 6 ሰዓት የእኛ 12 መሆኑን ከወዲሁ ልመዱት፤ ጉዳያችሁንም በጭንቅላታችሁ ሳይሆን በደብተር ያዙ። ልጅ ያላችሁ ደግሞ የማቆያውን ቅጽ ስትሞሉ፣ ከወላጅ ሌላ ልጁን መውሰድ የሚችል ሰው ስም የሚጻፍበት መስመር ታገኛላችሁ፤ ስሙ ያልሰፈረ ሰው ቢሄድ ልጁን አይሰጡትም። የእኔ መስመር ባዶ ነበር። አሁን ከታች ፎቅ የምትኖር የጎንደር ልጅ ስም አለበት፤ በእርሷ ልጅ ቅጽ ላይ ደግሞ የእኔ።