ጉማራ ላይ ዓሣ ስንመዝን

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሄደ ሰው ሁሉ የጉማራን ድልድይ ያውቀዋል። በመኪና እልፍ ነው እንጂ ወንዙን የሚያየው ጥቂት ነው። እኛ ወንዙን ተከትለን ወደ ላይ፣ ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ወጣን። የነሐሴ ማብቂያ ስለነበር መንገዱ ጭቃ በጭቃ ነው። አብራኝ የነበረችው ወዳጄ ዓሣ ተመራማሪ ናት። ሻንጣዋን የሞላው ሚዛንና የርዝመት መለኪያ ሰሌዳ ነው፤ ቅያሪ ልብስ ትዝ ያላት አይመስልም።

የምንፈልገው ነጭ ዓሣ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ላቢዮባርበስ የሚሉት። ጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ ሌላ ቦታ አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ካለው ዓሣ ለይቷቸው ለብቻቸው ኖረዋል። ክረምት ሲገባ የተወሰኑት ዝርያዎች ለመራባት ወንዝ ይወጣሉ። ጉማራ ራሱ በዚህ ሰሞን ድፍርስ ነው። ስለዚህ እንደ ዱካሊት ወዳሉት ገባሮች ይታጠፋሉ። እዚያ ጠጠር አለ። በጠጠሩ መሃል የሚያልፈው ውሃ ለዕንቁላሉ ኦክስጅን ያደርስለታል። ደለል ከተኛበት ግን ዕንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል።

ዓሣው ምን ያህል እንደደላው የሚታወቅበት ልኬት የሚያስቸግር አይደለም። ክብደቱን በግራም ወስዶ በ100 ማባዛት፣ ከዚያ ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ ለሚመጣው ቁጥር ማካፈል። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ 270 ግራም ከመዘነ ውጤቱ 1 ነው፤ 324 ግራም ከሆነ 1.2። ቁጥሩ ከፍ ያለው ዓሣ ደልቶታል ይባላል። ግን ቀጭን ዝርያን ከደንዳና ዝርያ ጋር በዚህ ቁጥር ማወዳደር ዋጋ የለውም። አፈጣጠራቸው ይለያያላ።

አንድ አዛውንት ገበሬ ከማሳቸው ዳር ቆመው ያዩን ነበር።

«አባቴ፣ ዘንድሮ ዓሣው እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ሰብቷል ልጄ። ሆዱን አታይም?»

ወዳጄ ሳቀች። የአንዷን ዓሣ ሆድ ሰንጥቃ አሳየችን፤ ጢም ብሎ የሞላው ዕንቁላል ነው። ያቺው ዓሣ ዕንቁላሏን ጥላ ስትመለስ ብትመዘን ከሲታ ትባላለች። ለዚህ ነው ወዳጄ እያንዳንዱን ዓሣ የሆድ ዕቃው ሳይወጣና ከወጣ በኋላ ሁለቴ የምትመዝነው። እኔን ያሰለቸኝ ሥራ ይህ ነበር፤ ዝናቡም አላቋረጠም።

ድንጋይ ሥር ደግሞ ጋራ የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች አሉ። ከአገጫቸው በታች ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ይዘው አልጌ ይግጣሉ። ጎርፍ ድንጋዩን ሲያጥበው ምግባቸውም አብሮ ይሄዳል። እንደ ነጭ ዓሣ ሐይቅ ውስጥ ጠግበው የሚመጡ አይደሉም፤ የወንዙን ጤና ማወቅ የፈለገ እነሱን ቢመዝን ይሻለዋል ባይ ነኝ።

አዛውንቱ ድሮ ዓሣ ለመያዝ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ኩሬ ውስጥ ይጨምሩ እንደነበር አጫወቱን። «ትንሹንም ትልቁንም ያሰክረዋል» አሉ። አሁን የሚያሰጋው ግን መረብ ነው። ጣና ላይ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ የገቡት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በቀጣዩ አሥር ዓመት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ክፉኛ ቀንሷል። ይህ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለመራባትም ዓመታት ይፈጅበታል። ወንዙ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ ደግሞ የሚይዘው ገና ዕንቁላሏን ያልጣለችውን ነው፤ ለገበያም የምትመረጠው ያቺ ከባዷ ናት። እኔ ብሆን ነሐሴና መስከረምን የወንዞቹን አፍ ከመረብ ነጻ አደርግ ነበር።